የቡና ልጣጩ አልበሰለም፤ ጥፋቱ የብርዱ ነው?

ከአጋሮ አካባቢ የደረሰን ጥያቄ፦ «ኅዳር ላይ ለኮምፖስት (ለተፈጥሮ ማዳበሪያ) ብዬ የቡና ልጣጭ ጉድጓድ ሞልቼ አፈር አለበስኩት። እስካሁን አልበሰለም፣ ይሸታል። ከላዩ ትንሽ ወስጄ ለቡና ችግኝ ባደርገው ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። አንድ ነጋዴ ‹አገራችሁ ብርድ ስለሆነ ልጣጩን የሚያበስሉት ጥቃቅን ተህዋሲያን ሞተዋል፣ ይህን ፈሳሽ ጨምርበት› ይለኛል። ልግዛ ወይ?»

ወንድሜ፣ አይግዙ። ከልጣጩ ጋር ምን እንደቀላቀሉ አልጻፉልኝም፤ «ሞልቼ» ካሉት ስገምት ግን ሌላ ምንም አልገባበትም። ሽታውም ኮምጠጥ የሚል ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ክምርዎ በርዶት ሳይሆን ታፍኖ ነው።

እሸት ቡና ሲፈለፈል የሚወጣው ልጣጭ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ስኳርም አለበት። ብቻውን ሲከመር በራሱ ክብደት ይጨፈለቅና አየር ያጣል። አየር ሲያጣ ሥራውን የሚረከቡት ያለ አየር የሚኖሩት ተህዋሲያን ናቸው። እነሱ ደግሞ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል እንጂ ይህ ነው የሚባል ሙቀት አይሰጡም። ችግኝዎን የጎዳውም ይኸው ያልበሰለ ነገር ነው።

የጥር ሌሊት እኛ ዘንድ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርድ ይሆናል፤ በደንብ የተሠራ ክምር ግን ሙቀቱን ራሱ ያመነጫል። ሥራውን የሚጀምሩት ከ20 እስከ 40 ዲግሪ የሚስማማቸው ተህዋሲያን ናቸው። እነሱ ሲበሉ ክምሩ ይግላል፣ ግለቱም መልሶ እነሱኑ ያዳክማቸዋል። ከ45 ዲግሪ በኋላ ተራው የሙቀት ወዳዶቹ ነው፤ እስከ 65 ዲግሪ ድረስ ይሠራሉ። እነዚህ ከሌላ አገር አይመጡም። በእበቱ፣ በአፈሩና በገለባው ላይ ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ተኝተው ይቆዩና ሙቀት ሲያገኙ ይነቃሉ። ከትውልድ ትውልድ ሙቀቱን የቻለው እየተረፈ ስለመጣ ሰውነታቸው ለዚያ የተሠራ ነው። የብርድ ወዳድ ተህዋሲያን የሰውነታቸው ስስ ሽፋን በብርድ እንደማይረጋ ዘይት ነው፤ የእነዚህ ግን ወደረጋ ቅቤ ያደላል፣ ስለዚህ በሙቀት ቀልጦ አይፈስም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቶማስ ብሮክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ የሎውስቶን በተባለው ቦታ፣ ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ ፍል ውኃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አግኝቶ ነበር። ለኮሮና ምርመራ ያገለገለው ኢንዛይም መነሻው እሱ ነው። የዚያ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዶች በጋለ ኮምፖስት ውስጥም ተገኝተዋል። ነጋዴው በጠርሙስ ሊሸጥልዎ የፈለገው ነገር እንግዲህ በረትዎ ውስጥ በነፃ አለ።

አሁን ማድረግ ያለብዎት ልጣጩን ከጉድጓዱ አውጥቶ ከመሬት በላይ መከመር ነው። ጥር የጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) መፈተጊያ ስለሆነ ደረቅ የቡና ገለባ ከወፍጮ ቤት አያጡም። ለሁለት ጆንያ ልጣጭ አንድ ጆንያ ገለባ ወይም የተከታተፈ የበቆሎ አገዳ ይዘው፣ ጥቂት እርጥብ እበት ጨምረው በደንብ ያደባልቁት። ከሥሩ አየር እንዲገባ ወፍራም አገዳ ያንጥፉለት። ከፍታውም ስፋቱም ከአንድ ሜትር አይነስ፤ ትንሽ ክምር ያመነጨውን ሙቀት ሌሊቱ ይወስድበታል። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ካደረጉት ደግሞ መልሶ ይታፈናል። እርጥበቱን በእጅዎ ይለኩ፦ አንድ ጭብጥ ሲጨምቁ በጣቶችዎ መካከል ጠብ ጠብ ካለ በቂ ነው፤ ከፈሰሰ ገለባ ይጨምሩ። ከላይ የሙዝ ወይም የእንሰት ቅጠል ያልብሱት።

ከዚያ አንድ ደረቅ ዘንግ እስከ መሃሉ ይሰኩ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መዘው ጫፉን ይጨብጡት። ይዞ መቆየት የሚያቅት ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። ለብ ብሎ ብቻ ከቀረ ወይ ውኃ በዝቶበታል ወይ ክምሩ አንሷል። ከሳምንት በኋላ ግለቱ ሲቀንስ በመንሽ ያገላብጡት፣ የዳሩ ወደ መሃል ይግባ። መሃሉ ብቻ ግሎ ዳሩ ከቀዘቀዘ የሙጃው ዘር ከነነፍሱ ይቀርና ማሳዎ ላይ ይበቅላል። ዘሩን የሚገድለው ከ55 ዲግሪ በላይ ለተከታታይ ቀናት መቆየቱ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ካገላበጡት ለበልጉ ዝናብ መዳረሻ ይደርስልዎት ይሆናል።

ደግሞ አንድ ነገር ልቆጣ፣ አይቀየሙኝ። በየመንደሩ የማየው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሞልቶ፣ በአፈር ደፍኖ መርሳት ነው። ጉድጓድ እርጥበት ለሚያጥረው ደረቅ አገር ጥሩ ነው፤ ለጅማ እርጥብ ልጣጭ ግን መቅበር ነው። ተቆጥሮ ሪፖርት የሚደረገው የጉድጓዱ ብዛት መሆኑ ሳያባብሰው አልቀረም።

ለኮምፖስት የሚሆን ቀይ ትል የሚያረባ ጎረቤት ካለዎትና ልስጥህ ካለዎት ክምሩ ሳይቀዘቅዝ አይጨምሩ። ትሉ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሞታል፣ እንደ ተህዋሲያኑ ሽፋን ለብሶ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። የአካባቢው የምድር ትል በራሱ ፈቃድ ከሥር ሲገባ ካዩ ክምሩ ለመብሰል ተቃርቧል፤ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲሸት ለችግኝ ይሆናል።

ቢጫ የሆኑትን ችግኞች በተመለከተ፣ ያደረጉባቸውን ጠርገው ያንሱና ውኃ ያጠጧቸው። ያረጀው ቅጠል ባይመለስም ግድ የለም፣ አዲሱን ይመልከቱ። አዲሱም ቢጫ ሆኖ ከወጣ አንድ ችግኝ ከነሥሩ ነቅለው ለቀበሌዎ የልማት ሠራተኛ ያሳዩት።