ለቅሶ ቤት ምን ይባላል? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በአደባባይ በግፍ ስለተገደሉ ሰዎችና ከኋላቸው ስለቀሩት ቤተሰቦች የጻፋችሁልን በዝቷል። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጥቁር ልብስ እስከ መቼ መልበስ ግዴታ ነው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ የአገር ልማድ እንጂ የሃይማኖት ግዴታ አይደለም። በ40 የሚያወልቅ አለ፣ ዓመት የሚያደርስም አለ፤ እንዳሻዎ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የእህቴ ባል ከተገደለ 12 ቀኑ ነው። ለቅሶ የሚመጡት «እግዚአብሔር የሚወደውን ይወስዳል» ይሏታል። አንዷማ «ኃጢአት ቢኖርበት ነው» ብላ ወጣች። እህቴ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም። ምን ብለን እናጽናናት? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ከእህትዎ በፊት መምከር የሚያስፈልገው አጽናኞቿን ነው። ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን ያውጡላቸው። ጲላጦስ ደማቸውን ከመሥዋዕታቸው ጋር ስለደባለቀባቸው የገሊላ ሰዎች ለጌታችን ነገሩት። ሰዎቹ የተገደሉት እያመለኩ ሳለ ነው። ጌታችንም በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን 18 ሰዎች ራሱ ጨምሮ አነሣና ከሌላው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀ። መልሱንም ለማንም አልተወውም፦ «አይደለም እላችኋለሁ»። ቀጥሎ ያለው የንስሐ ጥሪ ቆመው ለሚሰሙት ነው እንጂ በሟቾቹ ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም። ያቺ ሴት የተናገረችው ክርስቶስ በግልጽ የከለከለውን ነው፤ ይህን ለእህትዎ በዚሁ ቃል ይንገሯት።

«የሚወደውን ይወስዳል» የሚለውም በበሽታ ወይም በእርጅና ለሞተ ሰው ሲነገር የለመድነው ነው። ሰው በሰው እጅ ሲገደል ግን ሐዘንተኛዋ የምትሰማው «ባልሽን የገደለው እግዚአብሔር ነው» የሚል ነው። የገዳይን ሥራ በእግዚአብሔር ስም አንጥራው።

ታዲያ ምን ይባል? የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ደግ አደረጉ፤ የተበላሸው ምክንያት መስጠት ሲጀምሩ ነው፣ በመጨረሻም እግዚአብሔር ተቆጣቸው። ስለዚህ ገብተው ይቀመጡ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይበቃል። የሟቹን ስም ይጥሩ፣ የሚያውቁትን ደግነቱን ያንሡ። ስታለቅስ «በቃሽ» አይበሏት። አልዓዛር ሲሞት ማርታም ማርያምም ጌታን «አንተ በዚህ ኖረህ ቢሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አሉት፤ አልገሠጻቸውም። ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ እንኳ አለቀሰ።

ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድ አይግፏት። የንስሐ አባቷ እርሷ ቤት ድረስ መጥተው ይጠይቋት። ቆይቶ ውስጥ መግባት ከከበዳት ከቅዳሴ ውጭ ባለ ሰዓት ከአንድ ሰው ጋር ግቢው ዛፍ ሥር ትቀመጥ። መጸለይ ካቃታት ዳዊት 87ን (በሌላው አቈጣጠር 88) ሌላ ሰው ያንብብላት። ያ መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፣ በምስጋና አያልቅም፤ ግን ጸሎት ነው። ትንሣኤንም ስትነግሯት ቁስሏን ለማስረሳት አይሁን። ክርስቶስ ሲነሣ የችንካሩ ምልክት እጁ ላይ ነበረ፣ ቶማስን ያሳመነውም በእርሱ ነው። ተስፋችን የተፈጸመው ግፍ እንዳልነበረ ይሆናል የሚል አይደለም።

ጥያቄ፦ ጴንጤ ነኝ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቴ ለቅሶ ብሄድ ችግር አለው?

መልስ፦ ዛሬውኑ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ከገባን ገና 5 ወራችን ነው። ጎረቤታችን ወንድሟ ተገድሎባታል፣ እድር ግን አልገባችም። ምን እናድርግ? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ የብሎኩ ነዋሪ ለጊዜው እድር ይሁናት። ድንኳንና ወንበር ቅርብ ካለ እድር በኪራይ ይጠይቁ፤ ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከል። ውሃ ሊጠፋ ስለሚችል ጄሪካን ከማታው ይሙሉ። ለ30 ሰው ንፍሮ 1 ኪሎ ተኩል ስንዴና ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ይበቃል፤ ሽምብራውን ከማታው ይዘፍዝፉ፣ ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ። በር ላይ እንግዳ የሚቀበልና ስልኳን የሚያነሣ አንድ ሰው ይመደብ፤ ታሪኩን ለሃምሳ ሰው ደጋግማ አትናገር። ትልቁ ስሕተት ግን ከ3ኛው ቀን በኋላ ነው፤ ሁሉም በአንዴ ይበተንና ቤቱ ጭር ይላል። ከአሁኑ ተራ ያውጡ፤ እስከ 40 በየሁለት ቀኑ አንድ ሰው እራት ይዞ ይግባ።

ጥያቄ፦ የግድያው ቪዲዮ በቴሌግራም ደረሰኝ። ሰው እንዲያውቀው ላጋራው?

መልስ፦ አያጋሩ፣ እርስዎም አይዩት። በሚያዝያ 2007 ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሲገደሉ ገዳዮቹ ቀርጸው የለቀቁት እንዲታይላቸው ነው። አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ሰፈር፣ የልጆቻቸውን መጨረሻ መርዶ ነጋሪ ሳይመጣላቸው ከዚያ ቪዲዮ ያወቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ገብተው ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድን ያጥፉ። ማስረጃ ነው ካሉ ለፖሊስ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ወንድሜን የገደሉትን ይቅር በል ይሉኛል። ለፖሊስ ቃል ብሰጥ በቀል አይሆንብኝም? (ከአየር ጤና)

መልስ፦ አይሆንም። ጳውሎስ በሮሜ 12 በቀልን ለእግዚአብሔር ተዉ ይላል፣ በምዕራፍ 13 ደግሞ ክፉ አድራጊን መቅጣት የሹም ሥራ ነው ይላል። በራእይ 6 ሰማዕታት በሰማይ ሆነው እንኳ «እስከ መቼ» እያሉ ይጮኻሉ። ይቅርታን ድንኳን ውስጥ የሚጠይቅዎ ሰው ቸኩሏል። ለአሁኑ የሚጠበቅብዎ የገዳዩን ጥፋት በወገኑ ሁሉ ላይ አለመጫን ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጠንከር ይበሉ። ያዩትን ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠቅሰው አሁኑኑ ይጻፉ። ከሰው የሰሙትን ለብቻ ያድርጉት፤ የተደባለቀ ቃል ፍርድ ቤት ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከጥቃቱ ተርፏል። ግን አይተኛም፣ ርችት ሲሰማ መሬት ላይ ይወድቃል። ሐኪም ክኒን ሰጠው፤ በ10ኛው ቀን «አልሠራም፣ ጸበል ይበቃኛል» ብሎ ተወው።

መልስ፦ እባክዎ ይህን አያሳድሩት። ብዙዎቹ የጭንቀትና የድብርት መድኃኒቶች መሥራት እስኪጀምሩ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ፤ በ10 ቀን የሚፈረድባቸው አይደሉም። ጸበሉን አይተው፤ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። በጾም የሚጠመቅ ከሆነ ክኒኑን ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፣ ራሳችሁ አትቀይሩት። ሕመሙ ከ1 ወር ካለፈ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው አማኑኤል ሆስፒታል ይውሰዱት። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን ሪፈር አይጠብቁ፤ ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት።