«እኔንስ መቼ ነው የምትመልሱኝ?»

ውድ አዘጋጅ፣

በደሴ ከተማ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሁለቱን ወልጃቸዋለሁ፤ ሦስተኛው የሟች እህቴ ልጅ ሲሆን በአራት ዓመቱ ወደ ቤቴ መጥቶ አሁን ዘጠኝ ሞልቶታል። ተንኮሉ ብዙ ነው፤ ባለፈው ክረምት የአማቴን መቁጠሪያ በጥሶ ፍሬዎቹን ብይ ተጫውቶባቸዋል።

ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ ትልቁ ልጄ በፍላሽ ያመጣውን «ፕሮብሌም ቻይልድ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም በአማርኛ ትርጉም ከፈተልን። ታሪኩ አሳዳጊዎቹ ሠላሳ ጊዜ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ስለመለሱት የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ልጁ በአንዲት ሕፃን ልደት ላይ የኬኩን ሻማ በርችት ሲተካ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ጎረቤቴ ሲኒዋን ማስቀመጥ አቅቷት ቡናው ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ፤ አማቴ ብቻ «አስተግፊሩላህ» እያሉ ፊታቸውን አዞሩ። በዚህ መሐል የባለቤቴ ወንድም በአገጩ ወደ እህቴ ልጅ እያመለከተ «የእኛውንስ ወዴት እንመልሰው?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁም ሳቀ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ተነሥቶ ወጣ።

ማታ አልጋውን ሳነጥፍ ከሥሩ ፌስታል አገኘሁ፤ ሁለት ሸሚዝ፣ የትምህርት ቤት ሹራቡና የእናቱ ፎቶግራፍ ተጣጥፈው ገብተውበታል። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «እኔንስ መቼ ነው የምትመልሱኝ?» አለኝ። ባለቤቴ «ፊልም ነው፣ ይረሳዋል» ይላል፤ አማቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ብልግና ዳግመኛ በዚህ ቤት እንዳይታይ ብለዋል። ማንን ልስማ? ፌስታሉንስ ምን ላድርገው?

የልጁ አክስት፣ ከደሴ

ውድ እህታችን፣

ባለቤትዎና አማትዎ የሚከራከሩት ስለ ፊልሙ ነው፤ ልጁን ከመቀመጫው ያስነሣው ግን የአጎቱ አገጭ ነው። በርችቱማ አብሯችሁ ስቋል። (እኔም ያን ትዕይንት ሳይ ስቄአለሁ፤ ሲኒ ባለመያዜ ተረፍሁ።)

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ሐያስያን ብልግናውን ክፉኛ ነቀፉት፤ ተመልካቹ ግን ወደደውና በማግሥቱ ዓመት ሁለተኛው ክፍል ወጣ። ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ለአዋቂ የሚሆን መራራ ምፀት ነበር፤ በኋላ ወደ ቤተሰብ ቀልድ ተለወጠ። እኛ ባለጌን «አሳዳጊ የበደለው» ስንል ጥፋቱን ለአሳዳጊው እንደምንሰጥ ሁሉ፣ አዋቂም ልጅ እንደ ተበላሸ ዕቃ ሲመላለስ ቢያይ የሚስቀው በመላሾቹ ነው። በሰው ቤት ለሚያድግ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ያው ትዕይንት ነገ በእርሱ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ሊያየው የሚገባው ሳይደርስ ተነሥቶ መውጣቱ ነው። ወደ መጨረሻው አሳዳጊው አባት ልጁ የሣላቸውን ሥዕሎች ያገኛል፤ የበደሉትን ሁሉ ጭራቅ አስመስሎ ሲሥል እርሱን ብቻ መልካም ሰው አድርጎ ሥሎታል። አባትየው ይህን ካየ በኋላ ነው ልጁን ፍለጋ የሚወጣው። ስለዚህ ፊልሙን ከመከልከል፣ እርስዎና ልጁ ብቻችሁን ሆናችሁ ከዚያች ቦታ ጀምራችሁ ብታዩት እመርጣለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የአጎትየው ነገር ይቀድማል። ቀልዱ የተሰነዘረው በሰው ፊት በመሆኑ «አብሽር፣ የትም አትሄድም» ብሎ በጓዳ ማባበል አይበቃም፤ በሚቀጥለው ቡና፣ አቦሉ ሳይቀዳ፣ እነዚያው ጎረቤቶች ባሉበት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ይቅርታ ይጠይቀው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ እንኳ ጉዲፈቻ እንዲፈርስ የሚፈቅደው አሳዳጊው ልጁን ሲበድል እንጂ ልጁ ስላስቸገረ እንዳልሆነ ይንገሩልኝ። እርስዎ በፍርድ ቤት ያሳደጉት ባይሆኑም፣ ለቀልደኛው አጎት ይህን መስማት ይጠቅመዋል።

ፌስታሉን በድብቅ አይፍቱት። ፎቶግራፉን እንዲሰጥዎ ልጁን ይጠይቁትና በመስታወት አሠርተው ሳሎን፣ ከሌሎቹ ልጆች ፎቶ ጎን፣ እርሱ በመረጠው ቦታ ይስቀሉለት። ሸሚዞቹን እርሱ ራሱ ያውጣቸው፤ ከአልጋው ሥር ጥቂት ሳምንት ቢሰነብቱም እንዳላየ ሆነው ይለፉ።