ለጠጋኙ አስቡለት

ልጆቼ፣ ኢንጂነሪንግ የምታጠኑም ሆነ ልትገቡበት የምታስቡ፣ ዛሬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው። ወጣቶች ሲያዋሩኝ ሁሉም አዲስ ነገር መሥራት ይፈልጋል። ጥገና ሌላ ሥራ ያጣ ሰው የሚገባበት ይመስላቸዋል። እስቲ የሀብልን ታሪክ ስሙኝ።

ሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ምህዋር ወጣ። ምስሎቹ ሲመጡ ግን ደብዛዛ ሆኑ። 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ዋናው መስታወት ጠርዙ ላይ በ2 ማይክሮን ገደማ ከልክ በላይ ተሞርዶ ነበር። የአንዲት ጸጉር ውፍረት ለ50 ሲካፈል ያን ያህል ነው። መንስኤው መስታወቱ የተለካበት መሣሪያ ነው፤ ውስጡ ያለ አንድ ሌንስ ከቦታው በ1.3 ሚሊ ሜትር ርቆ ተገጥሟል። የሚያናድደኝ ደግሞ ሌሎች መለኪያዎች ችግር እንዳለ ጠቁመው ነበር፤ ዋናው መለኪያ ይበልጣል ተብሎ ተተዉ።

በታኅሣሥ 1993 በኢንዴቨር መንኮራኩር የሄዱት ጠፈርተኞች አምስት ጊዜ ወደ ውጭ ወጥተው ሠሩ። ዋናውን መስታወት አልነኩትም። ስህተቱን በተቃራኒው የሚያርሙ ትናንሽ መስታወቶችና አዲስ ካሜራ ገጠሙና ምስሉ ጠራ። ይህ የሆነው ሀብል ከመጀመሪያው እንዲጠገን ተብሎ ስለተሠራ ነው። መያዣ ብረት አለው፣ በር አለው፣ ካሜራዎቹም እንደ ቁም ሳጥን መሳቢያ ተስበው ይወጣሉ።

ግን ሁሉም ክፍል እንዲህ አልታሰበበትም። በ2004 ብርሃንን በየቀለሙ የሚተነትነው መሣሪያ የኃይል ሰሌዳው ተቃጠለና ቆመ። ይህ ሰሌዳ ጠፈር ላይ እንዲከፈት አልተሠራም፤ ክዳኑ ከ100 በሚበልጡ ጥቃቅን ቪቶች ታስሯል። አስቡት፣ በዚያ ወፍራም ጓንት! አንዷ ቪት አምልጣ ቴሌስኮፑ ውስጥ ብትገባስ? መሐንዲሶቹ ቪቶቹን አንድ በአንድ ይዞ የሚያስቀር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ፈጠሩ። በ2009 ጠፈርተኛው ማይክ ማሲሚኖ ሊሠራ ሲወጣ ግን ያስቸገረው ሌላ ነገር ሆነ። ክዳኑን የጋረደው መያዣ ብረት አራት ብሎን ነበረው፤ ሦስቱ ተፈቱ፣ የአንዱ ጭንቅላት ተላጠና እምቢ አለ። ሜሪላንድ ባለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል (ያው የእኛ ሰው የሞላበት ሜሪላንድ) ሰዎች ወዲያው ተመሳሳይ ብረት ላይ ሞክረው ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈልግ ለኩ። ከዚያ ስበህ ገንጥለው አሉት። ገነጠለው፤ መሣሪያውም ዳግም ሠራ።

ያ የመጨረሻው ጉብኝት ነበር። መንኮራኩሮቹ በ2011 ጡረታ ወጡ። የሀብል ጋይሮስኮፖች፣ ማለትም ወዴት እንደሚዞር የሚለኩለት መሣሪያዎች፣ አንድ በአንድ ሲደክሙ ከ2024 ጀምሮ በአንድ ብቻ እየሠራ ነው፤ የሚቀይርለት የለም።

ታዲያ በሌላ ይተካ ትላላችሁ። መተካት ቀላል አይደለም። ጄምስ ዌብ የተባለው አዲሱ የጠፈር ቴሌስኮፕ በታኅሣሥ 2021 የተነሳው፣ ሐሳቡ ከተጠነሰሰ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ነው። እሱም ቢሆን የሚያየው በዋናነት ኢንፍራሬድ (ከቀይ ወዲያ ያለ፣ ዓይናችን የማያየው ብርሃን) ስለሆነ ሀብል የሚያየውን አልትራቫዮሌት (ከሐምራዊ ወዲያ ያለውን) አይሸፍንም። ያለው 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ ሰው አይደርስበትም። አንዱ ቢበላሽ ሁሉን ሊያበላሹ የሚችሉ 344 ነጥቦች ነበሩት፤ ሁሉም በመጀመሪያው ሙከራ መሥራት ነበረባቸው። ውሳኔውን አልነቅፍም፤ ከምድር ሙቀት መራቅ ነበረበት። ናሳ አሁን የሚያቅደው ሃቢተብል ወርልድስ ኦብዘርቫቶሪ የተባለ ቴሌስኮፕ ግን እዚያው ሩቅ ሆኖ በሮቦት እንዲጠገን ነው የታሰበው። እኔ በዚህ ደስ ብሎኛል።

በሥራዬ አንዲት ፊውዝ ለመቀየር ማሽኑን ግማሽ በግማሽ የፈታሁበት ጊዜ ብዙ ነው። በሽተኛ ውጭ ተቀምጦ እየጠበቀ። ንድፍ ያወጣው ሰው እጄ የት እንደሚገባ አንዴ እንኳን አስቦ ቢሆን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ስለዚህ ንድፋችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት መጀመሪያ ለሚጠግነው ሰው አሳዩት። ቶሎ የሚያልቀውን ክፍል ከፊት አድርጉት፣ የቪቱን ዓይነት አታብዙ፣ ቪቱ ሲፈታ እዚያው ተይዞ የሚቀር ይሁን። ከዚያ ወፍራም ጓንት አጥልቁና ራሳችሁ ፍቱት። ካልተፈታላችሁ ንድፉ ገና አላለቀም።