የቢሮ ሰነድ ክላውድ ላይ ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ቡና የምናቀርብ ትንሽ ቢሮ ነን። ውሉም ደረሰኙም በየሰው ላፕቶፕና ቴሌግራም ተበትኗል። የትኛውን የክላውድ (ፋይል በኢንተርኔት የሚቀመጥበት) ሲስተም እንምረጥ?

መልስ፦ ከስሙ በፊት ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ኮምፒውተር ላይ ቅጂ የሚያስቀምጥና ኔትወርክ ሲመለስ የተለወጠውን ራሱ ክላውዱ ላይ የሚያድስ ካልሆነ ይቅርባችሁ። ጉግል ድራይቭም የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭም ይህን ማድረግ ይችላሉ። የጉግል ነጻ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ግን ጂሜይልና ፎቶም ከዚያው ላይ ይበላሉ። ትልቁ ጣጣ ሌላ ነው፦ አካውንቱ በጸሐፊዋ የግል ኢሜይል ከተከፈተ፣ ሥራ የለቀቀች ቀን ፋይሉም አብሯት ሊሄድ ይችላል (ጠብ ካለማ አስቡት!)፣ ስለዚህ በድርጅቱ ስም ክፈቱት፣ የመሰረዝ ፈቃድም ለሁሉም አትስጡ። ክፍያው በዶላር ከሆነ አስቀድማችሁ ባንካችሁን አነጋግሩ።