የደብራችን ሥዕል ጠቁሯል፣ በአዲስ ቀለም ይቀባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የትውልድ መንደሬ ደብር ክብ ናት፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራች። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በድሮ ሥዕል የተሸፈነ ነው። አሁን ግን ጠቁሯል፤ አንዳንድ ቦታ ጨርቁ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ሰበካ ጉባኤው ግድግዳውን በሲሚንቶ ሊያስለስን፣ ሥዕሉንም በዘይት ቀለም እንደ አዲስ ሊያስቀባ ብር እያሰባሰበ ነው። ምን ትላላችሁ? በዚያውም፣ አንዳንዶቹ ሰዎች ለምን አንድ ዓይን ብቻ ተሣለላቸው?

መልስ፦ እባክዎ ቀለሙ ሳይገዛ ይድረሱ! ብሩ መጀመሪያ ለጣሪያው ይዋል።

ምክንያቱ አሳሳሉ ላይ ነው። እንዲህ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ሠዓሊው ብዙ ጊዜ የሚሥለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፣ ጨርቁ ደግሞ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጣሪያው ካፈሰሰ ውሃው ከላይ ጀምሮ በጨርቁ ጀርባ ይወርዳል፣ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ያኔ እርስዎ እንዳሉት ይንጠለጠላል። ጥቁረቱ ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የዘመናት የዕጣንና የጧፍ ጢስ ነው፤ ከሥሩ ቀለሙ ደህና ሊሆን ይችላል። በላዩ የዘይት ቀለም ከተቀባ ግን የድሮው ሠዓሊ እጅ ጠፋ ማለት ነው።

ሲሚንቶውንም ይተዉት። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶ ያፍነዋል፤ እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ጭቃውንም እንጨቱንም ያበሰብሳል። በጭቃ የተሠራ በጭቃ ይጠገን።

ወደ ዓይኑ እንምጣ። በባህላዊው አሣሣል ደጋጎቹ ፊታቸው ወደኛ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የጌታን እራት የሚያሳይ ሥዕል ካላችሁ ይሁዳን በዚህ ይለዩታል። ታቦቱ ካለበት ከመቅደሱ ውስጥ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ናቸው፤ ምእመኑ ከቅድስቱ ሆኖ የሚያየው የመቅደሱን የውጭ ግድግዳ ስለሆነ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ትልቁ መጽሐፉ ይኸው ነበር። ዘጌ የሚገኘውን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ያየ ሰው ይረዳኛል። 78 ነፍስ በልቶ፣ ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ የሰጠው የበላኤ ሰብ ታሪክ እዚያ አለ። በዚህ ታሪክ ሥዕሎች ላይ ሚዛኑን ይመልከቱ፦ ባንድ ወገን የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ውሃ፣ እመቤታችንም ውሃው ወዳለበት ጥላዋን ስትጥልለት። ስብከቱን ሁሉ አንድ ሚዛን ተሸከመው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ አነጋገር አላውቅም።

ለሰበካ ጉባኤው አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ያንሱላቸው፤ ቅርስ ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ለቅርስ ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። እስከዚያው ሥዕሉን በእርጥብም በደረቅም ጨርቅ አትወልውሉት፣ የተንጠለጠለውንም በሚስማር አትምቱት። የወደቀ ቁራጭ ካለ ሳይታጠፍ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ካህናቱን አስፈቅዳችሁ ግድግዳውን ጥግ በጥግ ፎቶ አንሱት፣ በስልክም ቢሆን። ፎቶው ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል።