የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጥርሳም ላሜራ፣ የሸራ ዝናር እና ነጩ ገመድ

ጥያቄ፦ ቀፊራ ገበያ ከቁርጥራጭ ብረት መካከል ረጅምና ጠፍጣፋ፣ ጥርስ ጥርስ ያወጣ ላሜራ አገኘሁ። ሻጩ «የባቡር ዕቃ ነው» ይላል። ምንድን ነው? የተጣመሙትን ጥርሶች በፒንሳ ላቃናቸው?
(አንባቢ፣ ድሬዳዋ ከዚራ)

መልስ፦ ከገለጹት ቅርጽ የሆችኪስ መትረየስ የጥይት ሰሌዳ ይመስላል። ይህ የፈረንሳይ መትረየስ የሸራ ዝናር አይጎርስም፤ ጥይቱ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ ከጎን ይገባለታል። ጥርሶቹ ቀለሁን ጨምድደው የሚይዙ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ከኢትዮጵያ ሠራዊት መትረየሶች አንዱ ሆችኪስ ስለነበር ሰሌዳው በእኛ አገር መገኘቱ አይገርምም።

ዓይነቱን ለመለየት የጥይት ቦታዎቹን ይቁጠሩ። 24 ከሆነ በፈረንጆች 1914 የወጣው ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ሆችኪስ ነው፤ 30 ከሆነ እንግሊዞች ይጠቀሙበት የነበረው ቀላሉ ሆችኪስ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሦስት ጥይት የሚይዙ አጫጭር ቁራጮች በማጠፊያ ተያይዘው ካገኙ ደግሞ ያው የፈረንሳዩ መትረየስ ተጣጣፊ ዝናር ነው። እሱ ሳይቆራረጥ እምብዛም ስለማይገኝ ከመደበኛው ሰሌዳ ይልቅ ይፈለጋል።

ፒንሳውን ይተዉት። ጥርሱ በአገልግሎት ዘመኑ ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ ደርቋል፤ አንድ ጊዜ ሲያቃኑት ከሥሩ ይሰበራል፣ የተሰበረ ጥርስ ደግሞ መተኪያ የለውም። ዝገቱን በነጭ ጋዝ በራሰ ጥርስ ብሩሽ ያንሱ፤ ከዚያ ያድርቁትና ስስ የማሽን ዘይት ይቀቡት። ብርጭቆ ወረቀት አያስነኩት፣ የፋብሪካውን ምልክት አብሮ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ከቤተሰብ ሳጥን ውስጥ የናስ ቁራጭ የተሰካበት የሸራ ዝናር ወጣ። ሻግቷል፣ ይሸታል። በሳሙና ልጠበው?
(አንባቢ፣ ሐረር ጁገል)

መልስ፦ መጀመሪያ አንድም ጥይት እንዳልቀረበት ከርቀት በዓይንዎ ይመልከቱ። ካለ ከሸራው ለማላቀቅ ሳይሞክሩ ባለበት ትተው ለፖሊስ ያመልክቱ።

ባዶ ከሆነ አይጠቡት። ሸራው ጥጥ ነው፤ ሲርስ ይሰበሰብና ናሶቹ መካከል ያለው ርቀት ይዛባል፣ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ከዚያ የባሰው እርጥብ ጥጥ ናሱን ማብላቱ ነው፤ ከናሱ የሚወጣው አረንጓዴ ዝገት ወደ ክሩ ይሰርጋል፤ ከገባ አይለቅም።

ሁለት ቀን ያህል ነፋስ በሚገባበት ጥላ ላይ ዘርግተው ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ አይሁን። ሻጋታው ሲደርቅ አፍንጫዎን ሸፍነው ከቤት ውጭ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጥረጉ። በናሱ ላይ ያለውን አረንጓዴ ዝገት በእንጨት ስንጥር ይፋቁና በአልኮል በነከሩት ጥጥ ይጥረጉ፤ ይህን ሲያደርጉ ከናሱ ሥር የፕላስቲክ ቁራጭ ያስገቡ፣ ቆሻሻው ሸራው ላይ እንዳይፈስ። ሎሚና አመድ የሚመክሩ ሰዎች ይመጣሉ። ሎሚ ከናሱ ውስጥ ያለውን ዚንክ እየለየ ስለሚያወጣ ላዩ ወደ ቀይ የሚያደላ መዳብ መስሎ ይቀራል። የሚያበራ ክሬምም እንዲሁ አይሆንም፤ በሸራው ክር መካከል ነጭ ሆኖ ይደርቃል።

ሲያስቀምጡት እንደ ቀበቶ አጥፈው ሳይሆን በካርቶን ቱቦ ላይ ላላ አድርገው ይጠቅልሉት፤ በአቡጀዲ ይሸፍኑት። አዲስ አቡጀዲ ሙጫ ስላለው አስቀድሞ ይታጠብ። ላስቲክ ውስጥ አይክተቱት፤ የክረምቱ እርጥበት ከውስጥ ታምቆ ሻጋታውን ይመልሰዋል። ናሱ ጫፍ ላይ የቀስት ምልክት ካዩ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት የነበረ ነው፤ ቪከርስ የተባለው የእንግሊዝ መትረየስ ዝናር ከሆነ ደግሞ ሙሉው 250 ጥይት ይይዛል።

ጥያቄ፦ የቪከርስ የመሣሪያ ሳጥን ገዛሁ። ቁልፎችና የዘይት ጣሳ አሉት፤ በተጨማሪም ነጭ ወፍራም ገመድና እንደ ሱፍ ያለ ጓንት። ገመዱ ለምን ነበር?
(አንባቢ፣ ድሬዳዋ ገንደቆሬ)

መልስ፦ ሳጥኑን አሁኑኑ ዝጉትና ያንብቡ። ገመዱም ጓንቱም አስቤስቶስ (እሳት የማይበላው የማዕድን ክር) የመሆናቸው ዕድል ከፍተኛ ነው። ቪከርስ አፈሙዙን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ባለ አራት ሊትር ገደማ በሚይዝ የውሃ ሽፋን ነው፤ አፈሙዙ ከሽፋኑ ገብቶ በሚወጣበት ቦታ ውሃ እንዳይንጠባጠብ በቅባት የራሰ የአስቤስቶስ ገመድ ይጠመጠምበት ነበር። ጓንቱ የጋለ አፈሙዝ መያዣ ነው። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ በሽታው የሚታየውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በእሳት ፈትነው ለማረጋገጥ አይሞክሩ፣ በዓይንም አይለይም።

ነፋስ በሌለበት፣ ልጆች በሌሉበት ይሥሩ። የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፤ ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ፣ ፊት ላይ የሚጣበቅ ማስክ ያድርጉ። ውሃ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገው በፀጉር ቤት መርጫ ገመዱንና ጓንቱን ያርሱ፤ እርጥብ እንዳሉ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ፣ ከዚያ ሁለተኛ ላስቲክ ውስጥ ይክተቱ፤ አሽገው በላዩ ላይ «አስቤስቶስ» ብለው ይጻፉ። ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ፤ ጨርቁም ከእነሱ ጋር ይታሸግ። መጥረጊያም ሆነ የአቧራ መሳቢያ ማሽን አይጠቀሙ። ስለ አወጋገዱ የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያማክሩ። «ሳጥኑ ሙሉ ካልሆነ ዋጋው ይወድቃል» የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ፤ ፎቶው ይበቃል።

ቧንቧ የሚገጠምበት ባዶ ቆርቆሮ አብሮ ካለ እንደ ቤንዚን ጣሳ አይጣል፤ ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ የሚጠራቀምበት ነው።

ጥያቄ፦ የናስ ዘይት ጣሳ የድሮ ነው ብለው እየሸጡልኝ ነው። እንዴት ላረጋግጥ?
(አንባቢ፣ ሐረር)

መልስ፦ ክዳኑን ይፍቱና ጥርሱን ይመልከቱ። ክዳኑ በእንግሊዞቹ የዊትወርዝ ልክ ከተሠራ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፤ የዛሬው የሚሊ ሜትር ብሎን 60 ነው። ቶርኖ ቤት ያለው የጥርስ መለኪያ በደቂቃ ይለየዋል። ማኅተሙም ይናገራል፦ በብረት የተመታ ጠርዙ ስለታም ሲሆን ከሌላ ዕቃ ተቀድቶ የተቀለጠ ግን ሟሟ ያለ ነው። እጅ የማይደርስበት ጥግ ከሆዱ እኩል ከጠቆረ፣ በኬሚካል የጠቆረ ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህን መያዝ በሕግ ያስጠይቃል?
(ብዙ አንባቢዎች)

መልስ፦ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። አፈሙዝ፣ ቃታ፣ ጥይት ማጉረሻ፣ ማንኛውም የመትረየሱ አካል ከተገኘ «አሮጌ ነው» ማለት አያድንም፤ ለፖሊስ ያሳውቁ። ጣሳ፣ ዝናር ወይም ሳጥንም ቢሆን ከመግዛትዎ በፊት ፎቶውን ይዘው ይጠይቁ። ቅርስነት ካለው ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ የጣሊያን የጥይት ሰሌዳ ላይ ባዶ ቀለሆች ተሰክተዋል። ሻጩ ለማስዋብ ያደረገው ይሆን? ላውጣቸው?
(አንባቢ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ብሬዳ 37 የተባለው የጣሊያን መትረየስ ከተኮሰ በኋላ ቀለሁን መሬት ላይ አይጥለውም፣ ወደ መጣበት ሰሌዳ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ 20 ቀለህ የተሰካበት ሰሌዳ ማግኘት የተለመደ ነው። ተኳሾቹ ግን ይጠሉት ነበር፤ እንደገና ለመሙላት ቀለሆቹን አንድ በአንድ መንቀል ያስፈልጋል። ሰሌዳውን ሳያንቀሳቅሱ የእያንዳንዱን ቀለህ ቂጥ ይዩ። መሃሉ ላይ የመመታት ጠባሳ የሌለው ካለ እርሳስ ባይኖረውም ሊፈነዳ ይችላል፤ ሰሌዳውን አይንኩት፣ ፖሊስ ይጥሩ። ሁሉም የተመቱ ከሆኑ እንዳሉ ይተዋቸው።