ከሪዱስ/ሪዱስ ግጭት በፊት የግጭቱን ምንጭ ለይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «የጻፍኩት ሰዋስው አሻሚ አይደለም፤ ታዲያ ባይሰን ለምን ሪዱስ/ሪዱስ ግጭት አለ ይለኛል? ሉካሄዱን ሁለት ቶክን ማድረግስ ይቻላል?» የሚል ነው። ባይሰን ከሰዋስው ተንታኝ ፕሮግራም (ፓርሰር) የሚያመነጭ መሣሪያ ነው፤ ቶክን የግብዓቱ አንድ ቃል ወይም ምልክት፣ ሉካሄድ ፓርሰሩ ከመወሰኑ በፊት አሻግሮ የሚያየው ቶክን ነው፤ ሪዱስ/ሪዱስ ግጭት ደግሞ የተነበበውን በሁለት ደንቦች መተካት ተችሎ የትኛው እንደሚመረጥ ሳይታወቅ ሲቀር የሚፈጠር ነው። አሻሚ አለመሆንና በአንድ ቶክን መወሰን መቻል ለየቅል ናቸው። ጥፋቱ ጭራሽ የሰዋስውህ ላይሆንም ይችላል።

ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው ኤልአር የተባለ የትንተና ዘዴ ሉካሄዳቸው የሚለያይ ስቴቶችን (ፓርሰሩ በንባቡ የሚደርስባቸውን ሁኔታዎች) ለየብቻ ያስቀምጣል። ፓርሰሩ የሚመራበት ሰንጠረዥ ግን ለዘመኑ ኮምፒውተሮች እጅግ ይገዝፍ ነበር። ፍራንክ ዴሬመር በ1969 ያመጣው ኤልኤኤልአር በሉካሄድ ብቻ የሚለያዩትን ስቴቶች ያዋህዳል፤ ባይሰንም ሌላ ካልታዘዘ የሚሠራው በዚሁ ነው። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ይህችን ሰዋስው ተመልከት፦

ጀ → ሀ ስ ለ | በ ቅ ለ | ሀ ቅ መ | በ ስ መ
ስ → ተ
ቅ → ተ

«ሀ ተ» ከተነበበ በኋላ «ለ» ከመጣ ስ፣ «መ» ከመጣ ቅ ነው። በ«በ ተ» ደግሞ ተቃራኒው። አንዳች አሻሚ ነገር የለም። ሁለቱ ስቴቶች ሲዋሃዱ ግን ስም ቅም «ለ» እና «መ»ን ይይዛሉ፤ ግጭት ተፈጠረ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ደንቦቹን ወደ ላይና ወደ ታች ማቀያየር ይጀምራል። ከዚህ የከፋ ልማድ አላየሁም። ባይሰን ቀድሞ የተጻፈውን ደንብ ስለሚመርጥ፣ ስ ከቀደመ ትክክለኛው «በ ተ ለ» የአገባብ ስሕተት ተብሎ ይጣላል። ማስጠንቀቂያውን ችላ ያለ ሰው ይህን የሚሰማው ከተጠቃሚ ነው።

እኔ መጀመሪያ የማደርገው የሰንጠረዡን ዓይነት ወደ ካኖኒካል ኤልአር (ስቴቶችን ወደማያዋህደው የክኑዝ ዘዴ) መቀየር ነው። ግጭቱ ከጠፋ ጥፋቱ የውህደቱ ነበር፤ አይኢኤልአርን (ውህደቱ ችግር በማያመጣበት ቦታ ብቻ የሚያዋህደውን ዓይነት) መርጠህ ቀጥል፣ ሰንጠረዡም ብዙ አያብጥም። ካልጠፋ፣ ከ3.7 ወዲህ ያለው ባይሰን ተቃራኒ ምሳሌ (ግጭቱን የሚያሳይ ግብዓት) ያወጣልሃልና እሱን አንብብ። አንዱ ግብዓት በሁለት መንገድ ከተተነተነ ሰዋስውህ በእርግጥ አሻሚ ነው።

ሁለት ቶክን ማየትን በተመለከተ፣ ባይሰን አያደርገውም። በኤልአር ሁለት (ሁለት ቶክን በሚያይ) የሚተነተን ቋንቋ ሁሉ የኤልአር አንድ (አንድ ቶክን የሚበቃው) ሰዋስው አለው፤ ያን ጽፎ ማውጣት ግን አድካሚ ነው። የባይሰን ቀዳሚ የሆነው የያክ የራሱ የግብዓት ቋንቋ ይህ ችግር ነበረበት፦ ደንቦች ያለ ድርብ ሰረዝ (;) ሊያልቁ ስለሚችሉ፣ የመጣው ስም የዚህኛው ደንብ ቀጣይ ይሁን የሚቀጥለው ደንብ መነሻ የሚታወቀው ከስሙ ኋላ ሁለት ነጥብ (:) መኖሩ ሲታይ ነው። መፍትሔው ሥራውን ለሌክሰሩ (ጽሑፉን በቶክን ለሚከፋፍለው ክፍል) መስጠት ሆነ፤ ሁለት ነጥብ የሚከተለውን ስም ለብቻው ቶክን አድርጎ ይልካል። አንተም ይህን ካደረግክ፣ በስሙና በሁለት ነጥቡ መካከል ባዶ ቦታ፣ አዲስ መስመር ወይም ማስታወሻ ሊገባ እንደሚችል አትርሳ፤ ሌክሰሩ እነዚያን ሁሉ ዘልሎ ማየት አለበት።